ትንፋሽ ያጠረው በሽተኛ አጠገብ ማን ይቁም?

የሆሳዕናና የዱራሜ፣ የሀቢቾና የሾኔ፣ የአንጋጫና የሆመቾ ልጆች፣ የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ በእጃችሁ በገባ ቁጥር የምትነጋገሩትን እንሰማለን። ሽማግሌ መንገድ ዳር ሲቀመጥ ጆሮውም አብሮ ያረጀ ይመስላችሁ ይሆናል፤ አላረጀም። የምትጠያየቁት ሦስት ነገር ነው፤ ስሙ ምን ተብሎ ይጠራል፣ ደመወዙ ስንት ነው፣ የት አገር ያደርሳል። ይህን ብማር ማን ይድናል ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደከበደ አናጣውም። ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4 ብቻ ነበር። ከዚህ ያለፈው ጥቂት ልጅ “ሐኪም ካልሆንኩ ምኑን ተማርኩት” ይላል። ያላለፈው ብዙ ልጅ ደግሞ ረፋዱን በጫት፣ ከሰዓቱን በቤቲንግ ቤት እያሳለፈ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግረውን ደላላ ስልክ ይጠብቃል። ሁለቱ ለየቅል ቢመስሉም በሽታቸው አንድ ነው፤ ሥራን የሚመዝኑት በሚያሰጠው ስም ነው። ይህ ነገር ከርሞ ከርሞ አንጀታችንን ስላቆሰለው ዛሬ ስም ስለሌለው አንድ ሥራ ልሟገታችሁ ተነሣሁ።

ሥራው የትንፋሽ ሕክምና ነው። መተንፈስ ላቃተው ሰው ኦክስጅን በልኩ መስጠት፣ አየር የሚያልፍበትን ጉሮሮ ከአክታ ማጽዳት፣ በቬንቲሌተር የሚተነፍሰውን በሽተኛ ሌት ተቀን መከታተልና ከመሣሪያው ቀስ በቀስ ማላቀቅ፣ ያለቀኑ የተወለደውን ሕፃን ሳንባ መደገፍ፣ የአስም ሕመምተኛው ኢንሄለሩን በትክክል እንዲስብ ማስተማር፣ ይህ ሁሉ በአንድነት አንድ ሙያ ነው። በአሜሪካ የዚህ ሙያ ሰዎች በቺካጎ ተሰባስበው ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ዛሬ ፈቃድ፣ ፈተናና ደረጃ ያለው ሥራ ሆኗል። በእኛ አገር ግን ነርሱ ጥቂት ይሠራዋል፣ የሰመመን ባለሙያው ጥቂት ይሠራዋል፣ ሐኪሙ ሲደርስለት ያየዋል። የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እንኳ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2005 ነው። ሁሉም የሚነካውን ሥራ ማንም የእኔ አይለውም። የሚፈለገውም የእኔ ነው ብሎ የሚቆምለት ሰው ነው፤ ከእናንተ መካከል ያ ሰው እንዲወጣ እፈልጋለሁ።

ለምን ከእኛ ዘንድ? ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ጤነኛ ሳንባ ይህን ለምዶ ይኖራል፤ የታመመ ሳንባ ግን መውደቂያው ቅርብ ነው። በአገራችን ከ10 ቤተሰብ 9ኙ ገደማ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ቆጮ በሚጋገርበት ጎጆ ውስጥ ያለውን ጭስ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ እናቲቱ ትስበዋለች፣ የታዘለውም ሕፃን አብሯት ይስበዋል። የሳንባ ምች በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው። ከ1000 በሕይወት ከሚወለዱት መካከል 30 ያህሉ በመጀመሪያው ወር ይሞታሉ፤ ብዙዎቹን የሚወስዳቸው ያለቀን መወለድና ሲወለዱ ትንፋሽ ማጣት ነው። የሳንባ ነቀርሳውን፣ አስሙን፣ በሞተር ሳይክልና በባጃጅ አደጋ ደረቱ የተጎዳውን ልተወው። ቆጥረን ብናየው፣ የሆሳዕናውን ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልን በመሰለ ቦታ ሌሊቱን ከሚያድረው በሽተኛ ስንቱ ነው የትንፋሽ ችግር የሌለበት?

“ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ እኛ ምን አገባን” የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ አለ፤ የእናንተው እኩዮች የሠሩት ነውና ልብ ብላችሁ ስሙት። እ.ኤ.አ. በ1952 ክረምት የዴንማርክን ዋና ከተማ ኮፐንሃገንን የፖሊዮ ወረርሽኝ መታት። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻን ስለሚያሰንፍ ሕሙማኑ አእምሯቸው ንቁ ሆኖ፣ ዓይናቸው እያየ ይታፈናሉ። ብሌግዳም የተባለው ሆስፒታል በዚያን ጊዜ የነበረው አንድ የብረት ሳንባ የሚባለው ትልቅ መሣሪያና ስድስት ትናንሽ የደረት መሣሪያዎች ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በእነዚህ ከታገዙት 31 በሽተኞች 27ቱ ሞቱ። ያን ጊዜ ቢዮርን ኢብሰን የሚባል የሰመመን ሐኪም ተጠራ። በነሐሴ ወር ማብቂያ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ልትሞት ስታጣጥር ጉሮሮዋ ተበስቶ ቱቦ ገባላት፤ ኢብሰንም ኦክስጅን የተሞላ የጎማ ከረጢት በእጁ እየጨመቀ አስተነፈሳት። ልጅቱ ዳነች። ግን በአንድ ጊዜ እስከ 70 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ በሽተኞች ነበሩና ከረጢቱን ቀንና ሌሊት ማን ይጨምቅ? የሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ። 1500 ያህል ወጣቶች እየተፈራረቁ፣ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጠው፣ በሽተኛውን ዓይን ዓይኑን እያዩ በእጃቸው አስተነፈሱ። ከመቶ 87 የነበረው ሞት ወደ 25 ገደማ ወረደ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል በዓለም ሁሉ የተወለደው ከዚያ ነው። ልብ በሉ፣ እነዚያ ልጆች ገና አልተመረቁም ነበር። “ዶክተር እገሌ” የሚላቸው አልነበረም። የነበራቸው እጅ፣ ትዕግሥትና ተረኛ ሲቀር የሚሰማ እፍረት ነው።

በየሆስፒታላችን “አምቡ ባግ” የምትሉት በእጅ የሚጨመቅ ከረጢትም የመጣው ከዚያው አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ገበያ ላይ ሲውል ዋና ብልሃቱ ኦክስጅን በሌለበት እንኳ ራሱን በአየር መልሶ የሚሞላ መሆኑ ነበር። መብራት በሚጠፋበት፣ ሲሊንደር በሚያልቅበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው ማብራራት አያሻም። ሆኖም ከረጢቱ ራሱን በአየር ቢሞላም ራሱን አይጨምቅም። ጨማቂውም ቢሆን ካልተማረ አየሩን ወደ ሆድ ይሰደዋል፤ ከልክ በላይ ከጨመቀ የጨቅላውን ሳንባ ይቀደዋል።

ሌላው ተቃውሞ የመሣሪያ ነው። “ቬንቲሌተር የለ፣ ኦክስጅን የለ፣ ምን ይዘን እንሠራለን?” ትላላችሁ። እጥረቱ እውነት ነው፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ቢሆን በ2009 ገደማ ኦክስጅንንና ፐልስ ኦክሲሜትርን በየሆስፒታሉ ለማዳረስ የሚያስችል ብሔራዊ ዕቅድ እስከማውጣት የደረሰው ጉድለቱን ስላየ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ብቻውን ያድናል ብሎ ማሰብ ስሕተት እንደሆነ ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ ያሳያሉ። ባንግላዴሽ ዳካ ውስጥ ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ በከባድ የሳንባ ምች የተያዙ ሕፃናትን ባብል ሲፓፕ በተባለ ዘዴ አከሙ። ዘዴው ረቂቅ አይደለም፤ ኦክስጅኑ በአፍንጫ ይገባል፣ የሚወጣው አየር ያለበት ቱቦ ጫፉ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠመቃል፣ ጫፉ የጠለቀበት ልክ ሳንባው እንዳይጨመደድ የሚይዘውን ግፊት ይወስናል። የሻምፑ ጠርሙስ ሳይቀር ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ውጤት በዝቅተኛ ፍሰት ኦክስጅን ብቻ ከታከሙት ከመቶ 15 ሲሞቱ በዚህኛው የሞቱት ከመቶ 4 ነበሩ። ታዲያ ይኸው ዘዴ ማላዊ ውስጥ ሳሊማ በተባለ የወረዳ ሆስፒታል ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ውጤት ተቃራኒ ሆነ፤ በኦክስጅን ብቻ ከታከሙት ከመቶ 11፣ በባብል ሲፓፕ ከታከሙት ከመቶ 17 ሞቱ።

እንዴት አንድ ጠርሙስ በአንዱ አገር አዳኝ፣ በሌላው አገር እንዲህ ይሆናል? የሳሊማ ሕፃናት በምግብ እጥረትና በኤችአይቪ የተጎዱ፣ ይበልጥ የደከሙ ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሁለተኛው ልዩነት ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነው፤ በዳካ ሐኪሞችና የሠለጠኑ ነርሶች በአልጋው ዙሪያ ሌት ተቀን ነበሩ፣ በሳሊማ የሐኪም የቅርብ ክትትል አልነበረም። ከዚያም በእኛው አገር በ12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች፣ ለነርሶችና ለሐኪሞች ሥልጠና ተሰጥቶ፣ ኦክስጅን ከአየር የሚለየው ኮንሰንትሬተር ተሟልቶ ተሠራበት፤ በ2016 የታተመው ጥናት ዘዴው ሕፃናትን ከሞት እንደሚያተርፍ አሳየ። ሦስቱን አገናዝቡ። ጠርሙሱ ያው፣ ውኃው ያው፣ ቱቦው ያው ነው። ከሕፃናቱ ድካም ባሻገር የሚለያየው የሕፃኑ አፍንጫ መቁሰሉን፣ ሆዱ መነፋቱን፣ የውኃው አረፋ መቆሙን የሚያይ ዓይን መኖርና አለመኖር ነው። ማላዊን ልጆቻችን የሚያውቋት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሻገሪያ በመሆኗ ነው፤ ከእርሷ የሚቀሰም ሌላ ትምህርት እንዳለም ይወቁ።

ዓይን ሲባልም በዘፈቀደ የሚያይ ዓይን አይደለም። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ይህን ለማወቅ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል፤ 15 ሰኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የሰነፍ ሒሳብ ነው። በጣት ላይ የሚደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር ከ90 በታች ካነበበ ኦክስጅን ይሰጣል። ግን ኦክስጅን መድኃኒት ነው፣ መድኃኒትም ልክ አለው። ያለቀኑ ለተወለደ ሕፃን ሲበዛ ዓይኑን እስከማሳወር ይደርሳል፤ ሳንባው ለረጅም ዘመን በጭስ ለተጎዳ ሽማግሌም ሲበዛ የመተንፈስ ግፊቱን ሊያደክምበት ይችላል። “ብዙ ስጡት” የሚለው የቤተሰብ ጩኸት በየዎርዱ ይሰማል፤ ያንን ጩኸት በትሕትና መልሶ የኦክስጅኑን ፍሰት የሚለካውን ፍሎው ሜትር በልኩ የሚያቆም ሰው ያስፈልጋል። የኮንሰንትሬተሩ ማጣሪያ በየጊዜው ካልታጠበ መሣሪያው እየሠራ ቢመስልም የሚሰጠው ኦክስጅን ሊቀንስ ይችላል። በቬንቲሌተር ያለ በሽተኛ ራስጌው ከፍ ካላለ፣ አፉ ካልጸዳ፣ ከመጣበት በሽታ ይልቅ እዚያው ያገኘው የሳንባ ምች ሊገድለው ይችላል። ይህ ሁሉ ማዕረግ አይጠይቅም። ንቁ ሰው ይጠይቃል። በሌሊት ተራው ስልኩን ሲጎረጉር የሚያነጋ ልጅ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በእኛ ዘመን የነበረውን የሚያስታውሱ አሁንም አሉ። ሕፃን ደረቱ እየሰረጎደ ሲተነፍስ የሰፈር ሰው “እንጥሉ ወርዷል” ብሎ ወደ ቆራጭ ይወስደው ነበር። ደረቱን በጋለ ብረት ይተኩሱት ነበር። እናት የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ታጥነዋለች፤ ሌላ የምታውቀው አልነበረምና ማን ይፈርድባታል? አዋቂው ሲብስበት የመንደሩ ጎረምሶች ቃሬዛ አበጅተው በእንሰቱ መካከል፣ በጭቃው፣ ወንዙን እያሻገሩ በትከሻ ተቀባብለው ይወስዱታል። ከሌሞ ይምጣ ከሶሮ፣ ከዱና ይምጣ ከዶዮገና፣ ሸካሚ አላጣም። ከደረሰም በኋላ ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው የሚያየው ሰው ብቻ ነበር፤ የሚሰጠው ትንፋሽ አልነበረውም። ጎረምሶቹ ግን ቃሬዛውን አውርደው ወዲያው አይሄዱም ነበር። ደጅ ያድራሉ። በእሳት ዙሪያ ተቀምጠው ውስጥ ያለው ሰው ሲያቃስት ይሰማሉ፣ ይጸልያሉ። ያ ትውልድ ፊደል ያልቆጠረ ቢሆንም ከታመመ ሰው አጠገብ መቆምን ያውቅ ነበር።

አሁን ሆስፒታሉ ቀርቦልናል፤ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሆመቾ፣ በሺንሺቾ አለ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ ሆሳዕና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለን። የጠፋው ቋሚው ነው። በያሆዴ ወይም በመሳላ በዓል ማዕድ ላይ ወሬው ማን ሄደ፣ ማን ሊሄድ ነው፣ ማን ላከ፣ ማን ቤት ሠራ ሆኗል። ከማዕዱ ይልቅ የመንገዱ ዋጋ ይተነተናል። ነርስ የሆነችውን የአክስት ልጅ “አሁንም እዚያው ነሽ?” ብሎ ማሸማቀቅ ጨዋታ ሆኗል። በወንዱ ዘንድ ደግሞ በሽተኛ ማገላበጥና አክታ መሳብ የሴት ሥራ ነው የሚል ከንቱ ኩራት አለ፤ ለዚህ መልስ አልሰጥም፣ የኮፐንሃገኖቹን ወንዶች ያስታውስ።

መንገዱንስ ካነሣችሁ አይቀር ላንሣው። መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ ተባለ። ሕዝቡ ሁሉ ቬንቲሌተር የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀው በዚያ ወር ነው። ልክ በ11ኛው ቀን፣ መጋቢት 15፣ ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው አውራጃ የአንድ ጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሞተው ተገኙ። በሕይወት የተረፉት 14 ነበሩ። የገደላቸው ጥይት አይደለም፣ አደጋም አይደለም፤ የሚተነፍሱት አየር አልቆባቸው ነው። ነፍሳቸውን በገነት ያሳርፍ፤ እነርሱን ልወቅስ አላነሣኋቸውም፤ ድህነት የገፋውን ሰው መውቀስ ኃጢአት ነው። በዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚወስደው ጎዳና ላይ ከሚሄደው ወጣት ብዙው ከሐዲያና ከከምባታ ምድር እንደሚነሣ ግን እናንተም እኛም እናውቃለን። በየቤቱ ፎቶው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ደውሎ የማያውቅ ልጅ አለ። እንግዲህ ወላጅ ከብቱንና መሬቱን ሸጦ ልጁን አየር ወደሚያጣበት መኪና ለማስገባት ብር ሲያወጣ፣ በዚያው ብር ሩብ ልጁን ለሌላው አየር የሚሰጥ ባለሙያ አድርጎ ማስተማር ለምን አልታየውም? የምቆጨው በዚህ ነው፤ ስቆጭም እኖራለሁ።

“የለማ፣ ዲፓርትመንቱ የት አለ?” ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ በቅጹ ላይ “የትንፋሽ ሕክምና” ተብሎ ተጽፎ አታገኙትም ይሆናል። በሩ ግን ብዙ ነው። የሰመመን ትምህርት የአየር መንገድን ከማንም በላይ ያስተምራል፤ ቱቦ ማስገባት፣ በእጅ ማስተንፈስ፣ ቬንቲሌተር ማስተካከል የዕለት ሥራው ነው። ነርስ ሆኖ ጀምሮ በድንገተኛና በጽኑ ሕሙማን ነርስነት፣ ወይም በጨቅላ ሕፃናት ክፍል መካን ይቻላል። ባዮሜዲካል የተማረ ልጅ የቆመ ኮንሰንትሬተር ሲያስነሣ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ሰው ያድናል። ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ ያልበቃው በኮሌጅ ደረጃ ገብቶ ቀስ እያለ ማደግ ይችላል። ከሁሉም በላይ ዓይናችሁ ሥር ያለውን ተመልከቱ፤ በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። መርሐ ግብሩ በ1995 ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ልጆች የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው ገቡ፤ ዛሬ ከ30,000 በላይ ናቸው። ከ2002 ወዲህ ደግሞ የሕፃናትን ትንፋሽ በሰዓት መቁጠሪያ ቆጥረው የሳንባ ምችን በገጠር እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። ያን ጊዜም “ይህ የሐኪም ሥራ ነው” ያሉ ተማሩ የተባሉ ሰዎች ነበሩ። ሕፃናቱ ግን የሐኪሙን መምጣት አልጠበቁም፤ ልጅቷ ቆጠረችላቸው።

ሙያ ስም የሚያገኘው አስቀድመው የሠሩት ሲኖሩ ነው። በአሜሪካም መጀመሪያ ሲሊንደር እየገፉ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄዱ ተላላኪዎች ነበሩ። የሚያውቁት ሲበዛ ትምህርት ተከፈተላቸው፣ ከዚያ ፈቃድ መጣ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል አምስት ዓመት ያገለገሉ፣ የጻፉ፣ ያስተማሩ አሥር ነርሶች ከሆሳዕና ቢወጡ ዋቸሞን “ይህን ትምህርት ክፈቱልን” ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ባዶ እጁን የሚጠይቅ ግን ማን ይሰማዋል?

የደመወዙ ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው፤ አላቃልለውም። የጤና ባለሙያ ደመወዝ ኑሮን አይችልም። ተመርቀው ዓመታት ያለ ሥራ የተቀመጡ ሐኪሞችና ነርሶች አሉ፤ በክልላችንም ደመወዝ የዘገየባቸው ወራት ነበሩ። በግንቦት 2017 የአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት ጠግበው አይደለም። የሚያክም ሰው ልጁን ማብላት አለበት፤ “ለእግዚአብሔር ብላችሁ ሥሩ” እያለ ደመወዝ የሚያዘገይ ባለሥልጣን እግዚአብሔርን በከንቱ ይጠራል። ይህን ለአስተዳዳሪዎቹ የምንናገርበት ጊዜና ቦታ አለ። ለእናንተ ግን የምለው ሌላ ነው። ሥራ አጥነቱ የሚበረታው ሁሉም በሚያውቀው በጠቅላላው መስክ ነው፤ ወረቀት ያለው ብዙ ነው፣ በልዩ ሙያ እጁ የተፈታ ጥቂት ነው። ቬንቲሌተር ማስተካከል የሚችል ነርስ ያለው ሆስፒታል በቀላሉ አይለቀውም።  እንጀራው ወፍራም ይሆናል ብዬ አልዋሻችሁም። ከቤቲንግ ቤት ደጅ ግን ይሻላል።

“ተምሬ ውጭ ብሄድስ?” የሚልም አለ። ሂድ፤ በሕጋዊ መንገድ፣ በአውሮፕላን፣ ሙያህን ይዘህ። የትንፋሽ ሕክምና በአሜሪካ፣ በካናዳና በዓረብ አገሮች የታወቀ ሙያ ነው። ከሄደ በኋላም መጽሐፍ የሚልክ፣ በክረምት መጥቶ የሚያስተምር ሰው አገሩን አልተወም። ከዳር ሆኖ “አገሪቱ አትረባም” የሚለውን ግን አገሪቱም ብዙ አልናፈቀችውም።

አሁን ወደዚያው ወደ ማዕረጉ ልመለስ፤ ነገሩ ከዚያ አይወጣምና። ኢብሰን ራሱ በተጠራ ጊዜ የሰመመን ሐኪም በቀዶ ሐኪሙ ጥላ ሥር የሚሠራ፣ ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ቦታ የሌለው ተደርጎ የሚታይበት ዘመን ነበር። የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም እርሱን ያስጠሩት እያመነቱ፣ የአንድ ባልደረባቸውን ምክር ሰምተው ነው። የከበረው ማዕረግ መፍትሔ አጥቶ ሲቀመጥ ያልከበረው ሥራ መጥቶ አዳነ። እግዚአብሔር አዳምን ከአፈር ካበጀው በኋላ ሕያው ያደረገው በምን እንደሆነ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቃላችሁ፤ ያን የመጀመሪያ ስጦታ በሚደክምበት ሰዓት ደግፎ የማቆየት ሥራ እንዴት ዝቅ ያለ ይባላል? ዝቅ አድርገን ያየነው እኛ ነን፤ ልጁ ዶክተር ካልሆነ በሠርግ ላይ ስሙን የማያስጠራ አባት፣ “ነርስ ብቻ ናት” የምትል እናት፣ በማኅበሩና በዕድሩ ለማዕረግ ወንበር የሚለቅ፣ ለሌሊት ተረኛ ግን ቡና የማይወስድ ሽማግሌ። እናንተ ላይ ያየሁትን ስንፍና ስናገር ያስተማርናችሁ እኛ መሆናችንን አልሸሽግም። ይሁንና ያስተማርናችሁን ክፉ ነገር ይዛችሁ የመቀጠል ግዴታ የለባችሁም።

ስለዚህ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሦስት አራት ሆናችሁ ወደ ሆስፒታሉ ሂዱ፤ በትሕትና አስፈቅዱ፣ በጨቅላ ሕፃናት ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ከሥራው ሲወጣ አግኝታችሁ ጠይቁት። ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ፣ ስንት ሆነው እንዳደሩ፣ ምን እንደጎደላቸው ይንገራችሁ። ወላጆቻችሁም አብረው ይስሙ። ከዚያ በኋላ ሐኪም መሆን የፈለገ ሐኪም ይሁን፤ የሰመመን ባለሙያነትን፣ ነርስነትን፣ ባዮሜዲካልን አንደኛ ምርጫው አድርጎ የሚጽፍ ልጅ ግን እጁ አይንቀጥቀጥ። ጻፈው፣ ልጄ። ጻፊው።